በፖስተሩ ላይ ያለችው ልጄ

8ኛ ወር፣ ጨረቃ ስትጎድል 1ኛ ቀን

መነኮሳቱ ዛሬ ለክረምቱ ሱባዔ ገቡ። እስኪወጡ ሦስት ወር ነው።

ደብተሩን የሰጠችኝ የማታ ትምህርት መምህርቷ ናት። «አክስት ኬም፣ ካልጻፉ ይጠፋዎታል» አለችኝ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ፊደል ከቆጠርኩ ገና ሁለት ዓመቴ። የተማርኩት እውቀት ናፍቆኝ አይደለም። የልጄን ደብዳቤ የሚያነብልኝ ፖስተኛው ነበር፤ እሱ ደግሞ የሚያነበው በመንደሩ ሹም ቤት ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ ጮክ ብሎ ነው። የሹሙ ሚስት ቡዋሎን ከላይ ሆና ትሰማና ከንፈሯን ትመጥጣለች። አፏን ለማስያዝ ተማርኩ። ፊደሉን ስጨርስ ደብዳቤው ቆመ።

ዛሬ መጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ። በሩን ዘግቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ራሴ አነበብኩት። ሳይሩን እንዲህ ትላለች፦

«እማ፣ ሱባዔው ሲወጣ እመጣለሁ። አንቺ ጋ ማረፍ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሌላ ገጽ አለ። ወሬ ነው። ከስቻለሁ ትላለች። ባንኮክ የሄደ ሁሉ ከሳሁ ይላል።

ከሄደች አራት ዓመቷ ነው። ስትሄድ አንድ ነገር ብያት ነበር። እሱን እዚህ አልጽፈውም።

8ኛ ወር፣ ስትጎድል 6

የሱባዔ መውጫው ፊልም ፖስተር መጣ። ሲያ ቴንግ፣ አለቃችን፣ በሩዝ ወፍጮው ወለል ላይ ዘረጋው። የማስታወቂያ መኪናችን ሹፌር ቲት ፖን ጎንበስ ብሎ አየና «ኬም፣ ነይ እስቲ። ይቺ ያንቺዋ አይደለችም?» አለ።

የኔዋ ናት። የፖስተሩ እኩሌታ የሷ ፊት ነው። ከኋላዋ ወንዙ ይነዳል፣ ጀልባዎች ይገለበጣሉ፤ እሷ የሸሚዟ ትከሻ ተቀዶ ጠመንጃ ይዛለች። አገር ሁሉ የሚያብድለት ያ ወንድ ተዋናይ ከግርጌ አውራ ጣት አክሎ ቆሟል። የፊልሙ ስም «እሳት በሙን ወንዝ»።

ሲያ ቴንግ ፊቱን አዞረልኝ። «ልጅሽ ዋና ተዋናይ ሆና አንቺ ዝም ትያለሽ?»

«ዓይን አፋር ናት፣ ጌታዬ» አልኩት። እውነት ነው። በደብዳቤዋም «ለማንም አትንገሪ» ብላለች።

8ኛ ወር፣ ስትጎድል 9

ዛሬ ጀመርን። በክረምት ፊልም አይታይም፤ ዝናቡ ፊልሙ የሚታይበትን ጨርቅ ያበሰብሰዋል። እኛ ግን በሦስቱ ወር ውስጥ አሥራ አራት መንደር ደጋግመን እንዞራለን፤ እኔ በማይኩ፣ ቲት ፖን በመሪው። ሱባዔው ሲወጣ የገዳሙ ሜዳ ዙሪያውን በጨርቅ ታጥሮ ሕዝቡ ቲኬት ቆርጦ ይገባል።

የልጄን ስም በድምፅ ማጉያ ስጠራ ድምፄን አላወቅሁትም። «የባን ኖን ሳይ ልጅ፣ በዚህች አፈር ላይ የዳኸች፣ ሳይሩን! ጠመንጃ ይዛ፣ እሳት ተሻግራ! ልቡ ደካማ የሆነ ከቤቱ እንዳይወጣ!»

በቡዋሎን ደጅ ስንደርስ ቲት ፖንን «ቀስ በል» አልኩት።

«ቀስ አልኩ እኮ።»

«እንደውም አቁም።»

አቆመ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ቡዋሎን ደረጃው ላይ ወጣች። ከአራት ዓመት በፊት ገበያ መሐል «ባንኮክ የሚሄዱ ልጆች ምን ሠርተው እንደሚበሉ ሁላችንም እናውቃለን» ያለች እሷ ናት። ዛሬ «ኬም፣ እኛን ከፊት ታስቀምጪናለሽ አይደል?» አለችኝ።

አይ ጣፋጭ ቀን!

9ኛ ወር፣ ጨረቃ ስታድግ 2

ዝናብ። መንገዱ ተቆርጧል። ቤት ዋልኩ።

በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ፊልሙን አይቼ አስተዋውቄ አላውቅም። ማንም አያየውም። የምናየው ፖስተሩን ነው፤ ፖስተሩ ያለውን እኔ እላለሁ፣ እኔ ያልኩትን ሕዝቡ ይሰማል። አንድ ዓመት ዝሆን ከፊት የሚሮጥበት ፖስተር መጥቶ ነበር። «መቶ ዝሆን!» ብዬ ዞርኩ። ፊልሙ ስለ ሁለት እህትማማቾች ውርስ ነበር። ዝሆን በግድግዳ ላይ እንኳ አልተሳለም። አንድ አባት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ሁለት ሰዓት በእግሩ መጥቶ ነበር፤ ልጁ እስከ መጨረሻው «ዝሆኑስ? ዝሆኑስ?» ሲል ሰማሁት። ያኔ ስቄያለሁ። «ከጨርቁ ኋላ ተኝቷል በለው» አልኩት አባትየውን።

ሰው ይቆጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ይመጣል። ሥራው ይሄ ነው።

ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ዝሆን ይዋሻል፤ ፊት እንዴት ይዋሻል? ልጄን ካላሠሩአት ከየት አምጥተው ሳሉአት?

9ኛ ወር፣ ስታድግ 8

አራት መንደር። ጉሮሮዬ ተላጠ። ዝንጅብል አኘክሁ፣ አልረዳኝም። ከጉድጓዱ ዘንድ ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፦ «እናትየዋ እንኳ አባርራት ነበር አሉ።» «አላባረረችም፣ ስም ነው ያወጣችላት።» ሲያዩኝ ወሬውን ቀየሩ። ከዚያ «አክስት ኬም፣ ሳይሩን የምትመጣው በስንት ሰዓቱ አውቶቡስ ነው?» አሉኝ። እኔ መሣቅ ብቻ።

እንደምትመጣ ማን ነገራቸው? እኔ ነኝ። በማይክ።

9ኛ ወር፣ ስትጎድል 4

ሲያ ቴንግ የቀጠረው ሠዓሊ ከጣውላ የተቆረጠውን የሳይሩንን ትልቅ ምስል ጨረሰ። የሦስት ሰው ቁመት ነው። በሜዳው መግቢያ ይቆማል። የሚያየው ፖስተሩን ብቻ ስለነበረ ጉንጯን ሞላ፣ ቆዳዋን ነጣ አድርጎታል። ፀጉሯን እስከ ወገቧ አወረደው።

«እንዲህ ነበረች?» አለኝ።

«እንዲህ ናት» አልኩት።

ጉንጯ እንኳ ድሮም ይህን ያህል አልነበረም። ቢሆንም ደስ ይላል። ከሩቅ ይታያል።

9ኛ ወር፣ ስትጎድል 11

የደረቀ ዓሣ ገዛሁ። የተጠቀለለበት የባንኮክ ጋዜጣ ነበር። ድሮ ቢሆን እሳት እለኩስበት ነበር። አሁን ፊደል ባየሁበት ሁሉ ዓይኔ ይሄዳል፣ ሕመም ሆኖብኛል።

«እሳት በሙን ወንዝ» ይላል። የፊልሙ ማስታወቂያ ነው። ሥዕሉ ላይ ያ ወንድና አንዲት የማላውቃት ሴት ተቃቅፈዋል። ከታች የተዋናዮች ስም። አሥራ አንድ ናቸው። በጣቴ እየሄድኩ አነበብኳቸው። ከታች ወደ ላይ ደግሜ አነበብኩ።

ዓሣውን አልበላሁትም።

9ኛ ወር፣ ስትጎድል 12

ጋዜጣ ይሳሳታል። ቦታ ጠቧቸው ይሆናል። ስም ቀይራ ይሆናል። ተዋናዮች ስም ይቀይራሉ።

ዛሬም ሁለት መንደር ዞርን። ጠመንጃውን አልዘለልኩም።

10ኛ ወር፣ ስታድግ 5

የፊልም ነጋዴው ወኪል ቪሮት ከአውራጃው ከተማ መጣ። ነጋዴው ፊልሙን የገዛው ለኛ ለሰሜን ምሥራቆቹ ነው፤ የደቡቡ ሌላ ነጋዴ አለው፣ የሰሜኑም ሌላ። ሲያ ቴንግ ጋ ሲጠጡ እኔ ሩዝ እያቀረብኩ ነበር። ቪሮት እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቅም።

«ጌታዬ» አልኩት፣ «በጋዜጣው ላይ ያለችው ሴት ለምን በኛ ፖስተር ላይ የለችም?»

«አይ፣ አክስቴ ታነባለች!» ብሎ ሣቀ። «ፖስተሩን እኮ እያንዳንዱ ነጋዴ ለራሱ አገር ነው የሚያሠራው። የደቡቡን ብታዪው ነብር አለበት።»

«ፊልሙ ውስጥ ነብር አለ?»

«የለም! ደቡቦች ነብር ይወዳሉ። እናንተ ደግሞ የራሳችሁን ልጅ ትወዳላችሁ። እኛም በፊልሙ ውስጥ ካለፉት ሴቶች የዚህ አውራጃ ልጅ ማን አለች ብለን ጠየቅን። አንዲት አገኘን፤ ከአራት ዓመት በፊት ለፎቶ ቤት የተነሣችው ፎቶ ነበራት። ያንን ሠዓሊው አሳመረው።»

«ታዲያ ፊልሙ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

ቪሮት የሩዙን ቅርጫት ወደ ራሱ ሳበ። «እንጃ። አላየሁትም።»

ሲያ ቴንግ እኔን አላየኝም። ብርጭቆውን ነበር የሚያየው።

10ኛ ወር፣ ስታድግ 6

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለዚህ ልጻፈው። የደብዳቤዋን ሁለተኛ ገጽ እዚህ እገለብጠዋለሁ፤ ወሬ ነው ያልኩትን።

«እማ፣ አንድ ፊልም ላይ ትንሽ ታይቻለሁ፤ ዕቃ ስሸከም። እንዳይነግሩሽና እንዳታፍሪ ብዬ ነው የምነግርሽ። ለማንም አትንገሪ። ታምሜ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል፤ ግን ፀጉሬ ረግፏል፣ በጣም ከስቻለሁ። ስታዪኝ እንዳትደነግጪ። ሰው ሳያየኝ ማታ እገባለሁ። ጥቂት ቀን ልተኛ ብቻ።»

ይሄ ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንብቤዋለሁ። አንብቤ ደብዳቤውን ከሙቀጫው ሥር ከተትኩት። ፖስተሩ ሲመጣ ግን ያየሁትን አመንኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያሞኘሁት ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያምነው ለካ። ዝሆኑን ሊያይ ሁለት ሰዓት በእግሩ የመጣው ሰውዬ።

«አትምጪ» ብዬ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። «በዚህ ወር አትምጪ፣ በሚቀጥለው ነይ።» ጻፍኩት። አነበብኩት። ከዚህ ቤት የወጣችው በኔ ቃል ነው፤ አሁን ደግሞ በኔ እጅ ጽሑፍ «አትምጪ»? የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ይሄ ይሁን?

ቀደድኩት። ሕዝቡን ነው መመለስ ያለብኝ እንጂ እሷን አይደለም።

10ኛ ወር፣ ስትጎድል 1

ሞከርኩ። በራሴ መንደር፣ ባን ኖን ሳይ፣ ገበያው መሐል። ቲት ፖንን ሞተሩን እንዲያጠፋ ነገርኩት። በማይኩ «ወገኖቼ፣ የኔ ልጅ በፊልሙ ላይ ያላት ትንሽ ናት። አንዴ ብቅ ትላለች። ጠመንጃ የላትም» አልኩ።

ሣቁ።

«እዩዋት ኬምን! ዛሬ ደግሞ ዓይን አፋር ሆነች!»

«ነገሩን ልትደብቅብን ነው!»

«አውቄዋለሁ፣ ትሞታለች ማለት ነው! መጨረሻ ላይ ልጅቷ ትሞታለች! እንዳታስለቅሰን ብላ ነው!»

«አትሞትም» አልኩ። «ዕቃ ነው የምትሸከመው።»

«ጥይት ነው የምትሸከመው!» አለ አንዱ፣ ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ ማይኩ በእጄ ላይ ድንጋይ ሆነ። ሰው ሐሰቴን ለመስማት ገንዘብ ከፍሎ ኖሯል፤ እውነቴን በነፃ ሲያገኝ ጣለው።

ቡዋሎን ቀስ ብላ ወደ መኪናው ተጠጋች። እሷ አልሣቀችም። «ኬም፣ እውነትሽን ነው?»

ፊቷን አየሁት። እየጠበቀች ነበር። አፌ ውስጥ የነበረውን ዋጥኩት።

«መጥተሽ እዪ» አልኳት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ለሷ ብነግራት ኖሮ በአንድ ቀን አሥራ አራቱም መንደር ያምን ነበር። እሷን ያምናሉ።

10ኛ ወር፣ ስትጎድል 9

ሲያ ቴንግን «ምስሉን እናውርደው» አልኩት። «ልጅሽ ስትከበር ምን አስጠላሽ?» አለኝ። «ጌታዬ፣ ልጄ አይደለችም ይቺ» አልኩት። «የማንም ትሁን፣ ከፍ ብላ ቆማለች» አለ። ጨረሰ።

ዝናብ። ሳል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

11ኛ ወር፣ ስታድግ 7

ድምፅ ሰጪው መምህር ካምሲንግ መጣ። ፊልሙ ያለ ድምፅ ነው የሚመጣልን፤ እሱ ከማሳያው ማሽን አጠገብ ተቀምጦ የሽማግሌውንም፣ የኮረዳዋንም፣ የውሻውንም ድምፅ ብቻውን ያወጣል። ፊልሙን አስቀድሞ ከከተማ አይቶት መጥቷል። ከገዳሙ ጀርባ ጠብቄ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ተነሽ፣ ተነሽ፣ አክስቴ፣ ሰው ያየናል።»

«መምህር፣ ለልጄ ንግግር ይስጡልኝ። እርስዎ ከፈለጉ ዛፍ ያናግራሉ። ብዙ ይስጧት።»

«አክስቴ፣ ድምፅ የሚቀመጥበት ፊት ይፈልጋል። እኔ ያየሁት ትሪ ነው። ከትሪው በላይ ፊቷ ለአንድ ትንፋሽ ይዞራል፤ ያልቃል።» እጄን ይዞ አነሣኝና «በዚያች ትንፋሽ ውስጥ የሚገባ ካለ አስገባለሁ» አለ።

ደግ ሰው ነው። ደግነቱ ይበልጥ አሳመመኝ።

11ኛ ወር፣ ስታድግ 14

ነገ ነው።

ቤቱን ጠረግሁ። ፍራሹን ፀሐይ አስመታሁት። የምትወደውን የወንዝ ቅጠል ሾርባ ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩ እንጂ አልሠራሁም፤ ትኩስ ይሻላል። በሩን አልቆልፈውም። ማታ ሰው ሳያያት ከገባች እኔ ከሜዳው እስክመለስ ትተኛለች፤ ጧት አብረን እንሥቅበታለን። እንዲህ ይሆናል። ለምን አይሆንም?

አልጽፈውም ያልኩትን ልጽፈው። ያን ቀን ሻንጣዋን ይዛ በደረጃው ስትወርድ እንዲህ አልኳት፦ «በዚያ ፊትሽ እበላለሁ ካልሽ ሂጂ ብይ። ያ ፊት ሲያልቅብሽ ግን ወደኔ እንዳትመጪ።» ቡዋሎን ሰምታለች። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ያኔ በእጄ ማይክ እንኳ አልነበረም።

11ኛ ወር፣ ስትጎድል 1

የሌላ ሕይወት ነገር ይመስለኛል፤ ግን ትናንት ማታ ነው።

ሕዝቡ ከቀትር ጀምሮ መጣ። በጋሪ፣ በጀልባ፣ በእግር። የሚጣበቅ ሩዛቸውን በቅርጫት፣ ምንጣፋቸውን በብብት። መግቢያው ላይ ያ የጣውላ ፊት ቆሟል፤ አምፖል ተደርጎለታል። እኔ ከሥሩ ሆኜ ቲኬት እቀዳለሁ። የማታው አውቶቡስ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ እጄ ብቻ ነው ሥራ ላይ የነበረው። ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር። ትመጣለች፣ ከሩቅ አውቃታለሁ፣ ሮጬ ከሕዝቡ እከልላታለሁ ብዬ።

ግፊያው ብዙ ነበር። ሰካራሞች፣ አራስ የያዙ፣ አረጋውያን። አንዲት አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ከሲታ ሴት ቲኬቷን ዘርግታ ፊቴ ቆመች፤ አትለቀውም፣ አታልፍም። «እህቴ፣ ከኋላሽ ሰው አለ፣ እለፊ» አልኳት። «ስንት ሰዓት ያልቃል?» አለችኝ፤ ጉንፋን የያዘው ድምፅ ነው። «ምን አስቸኮለሽ? የልጄ ፊልም ነው፤ ደህና አድርገሽ እዪያት» አልኩና ቀድጄ ሰጠኋት። ቀና ብላ የጣውላውን ፊት አየችው። ገባች። እኔ ወደ መንገዱ ተመለስኩ።

ሳይሩን አልመጣችም።

ፊልሙ ተጀመረ። ሕዝቡ በሩ በተከፈተ ቁጥር፣ ጀልባ በታየ ቁጥር «እሷ ናት!» ይላል። ከእኩሌታው በኋላ አንድ መጠጥ ቤት መጣ። ትሪ ገባ። ከትሪው በላይ ልጄ ዞረች። መምህር ካምሲንግ ካሉት ድምፆች ሁሉ በለሰለሰው «ይጠጡ፣ ጌታዬ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው» አለላት። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ሰው ተነሥቶ ዘለለ፣ አሮጊቶች እጃቸውን አጋጥመው ሰገዱ። «መጣች! አሁን ጠመንጃውን ታነሣለች!»

ጠበቁ። እስከ መጨረሻው ጠበቁ። ወንዙ ነደደ፣ ያቺ የማላውቃት ሴት ጠመንጃ አነሣች፣ ተቃቀፉ፣ አለቀ። ጨርቁ ነጭ ሆነ። እነሱ ግን አሁንም እንደተቀመጡ ነበር።

«የታለች?» አለ አንድ ሰው።

ከዚያ የሩዝ እንክብል፣ ጫማ፣ ጭቃ። በጨርቁ ላይ፣ በማሳያው ላይ። የጣውላውን ምስል ገፍተው ጣሉት፤ ጉንጩ ላይ ቆመው ጨፈሩበት። እኔ ከጭነት መኪናው ሥር ገብቼ ነበር። የቡዋሎንን ድምፅ ከእግሮቹ መሐል ለየሁት፦ «አራት ዓመት የሄደችው ለአንድ ትሪ ነው? ትሪ እኛ ቤትም አለ እኮ!» ሣቁ፣ እንዴት ሣቁ! ሁሉም ሄዶ እስኪያልቅ አልወጣሁም።

እንኳን አልመጣች አልኩ። እንኳን ይህን አላየች። ወደ ቤት ስመለስ በሩ እንደተውኩት ነበር።

11ኛ ወር፣ ስትጎድል 1፣ ማታ

ቲት ፖን መጣ። የተሰበረውን ጣውላ በማለዳ ሲጭን አውቶቡስ ማቆሚያው ዘንድ አንዲት ሴት ቦርሳ ሰጠችው። «ለኬም ስጥልኝ» አለችው።

«ከማን ልበል አላልካትም?»

«አልኳት እንጂ። ‹ታውቀኛለች› አለች።»

ቦርሳውን ከፈትኩት። አንድ አዲስ ሽርጥ። አንድ ቆርቆሮ የጉሮሮ ከረሜላ፤ ለሚጮሁ ሰዎች የሚሆነው። ሌላ ምንም።

«ምን ዓይነት ሴት ናት?»

«እንጃ፣ ከሲታ። የታመመች ትመስላለች። ሻሽ አስራለች።»

«ሻሹ ምን ዓይነት ነው?»

«ሻሽ ነዋ።»

«ምን ዓይነት ነው አልኩህ፣ ቲት ፖን!»

«አረንጓዴ» አለ። ከዚያ «ምነው? የምታውቂያት ናት? እኔ ግን አላየኋትም ከዚህ በፊት፤ ፊት አልረሳም፣ ሦስት ወር ሙሉ ያንቺን ልጅ ፊት ተሸክሜ...» ብሎ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ። ደረጃውን ወረደ።

የማታው አውቶቡስ ባዶ መጣ።

11ኛ ወር፣ ስትጎድል 3

በደብዳቤው ላይ አድራሻ የለም፤ ያኔ «አትምጪ» ብዬ ስጽፍ ይህን እንኳ አላየሁም። ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። ማኅተሙ ተላልጧል።

ነግራኝ ነበር። ፀጉሬ ረግፏል፣ ከስቻለሁ፣ እንዳትደነግጪ። በእጇ ጽፋ፣ እኔም በጣቴ ተከትዬ። ያነበብኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሜ የጠበቅሁት ግን ሠዓሊው የሳላትን ነው፤ ባለ ጉንጯን፣ ፀጉሯ ወገቧ ላይ የወረደውን።

አልደነገጥኩም እኮ። እለፊ አልኳት።

11ኛ ወር፣ ስትጎድል 6

ከረሜላውን አልከፈትኩትም።

11ኛ ወር፣ ስትጎድል 9

አዲስ ፖስተር መጣ። አዞ አፉን ከፍቷል፣ በአፉ ውስጥ ሴት አለች።

«አዞ አለው?» አልኩት ቲት ፖንን።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምትጠይቂው?» አለ፤ ቶሎ ደግሞ አዘነልኝ መሰለኝ «ይኖረዋል» አለ።

ወጣን። ሕዝቡ ተቆጥቶ ድንጋይ ይወረውርብናል ብዬ ነበር። ማንም አልወረወረም። ስለ አዞው ርዝመት ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

ባን ኖን ሳይ ገበያ ዳር አንዲት ደብዛዛ ዓይን ያላት አሮጊት የመኪናውን በር ይዛ ቆመች። በፊልሙ ዕለት ልጆቿ ጥለዋት ሄደው ቤት ነበረች፤ ምንም አልሰማችም። «ልጄ፣ ያቺ ልጅሽ፣ ያቺ የፖስተሯ፣ በስተመጨረሻ መጣችልሽ ወይ?»

ማይኩ በእጄ ነበር፣ አልዘጋሁትም። ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«መጣች» አልኩ።

አሮጊቷ አላመነችኝም፤ እጄን መታ መታ አደረገች። «አይዞሽ» አለች፣ «አንድ ቀን ትመጣለች።»